50 ዕቃ በ10 ሰከንድ፦ ገመዱ ደህና፣ ስዊቹ ደህና፣ ታዲያ ማን ነው የሚያዘገየው?

ከዚራ_ገመድ (ድሬዳዋ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የነሳኝን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። መጋላ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ በጅምላ የሚያከፋፍል ሱቅ አለ። የሽያጭ ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የሚወቀስ ሰው ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ። ባንኮኒው ላይ አንድ ኮምፒውተር አለ፤ ጓዳ ውስጥ ደግሞ የዕቃው መዝገብ የተቀመጠበት ዕድሜ የጠገበ የዊንዶውስ ሰርቨር። በመካከላቸው ያለው 15 ሜትር ገመድና አንድ ስዊች (ገመዶችን የሚያገናኝ ሳጥን) ብቻ ነው። ኢንተርኔት የለም፣ ዋይፋይ የለም።

ገንዘብ ተቀባይዋ ደረሰኝ ስታዘጋጅ ፕሮግራሙ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ወደ ሰርቨሩ እየላከ «ይህ አለ ወይ? ዋጋውስ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ሲያገኝ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ባለፈው ወር ፕሮግራሙን ካሻሻልኩት ወዲህ 50 ዓይነት ዕቃ ያለበት ደረሰኝ 10 ሰከንድ ይፈጃል። ድሮ ዓይን እስኪርገበገብ ያልቅ ነበር። አንድ የፍሬን ሸራ ለሚገዛ ሰው ምንም አይታወቅም። ከጅጅጋ መጥቶ አይሱዙውን በር ላይ አቁሞ ለሚጭን ነጋዴ ግን ይታወቃል። የሱቁ ባለቤት ሐጂ ትናንት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው «ልጄ፣ በካርቦን ወረቀት ስጽፍ ከዚህ እፈጥን ነበር» አሉኝ።

እስካሁን ገመዱን ቀይሬአለሁ። ስዊቹንም ቀይሬአለሁ፣ ያውም በራሴ ገንዘብ። ሙቀት ይሆናል ብዬ ለሰርቨሩ ማራገቢያ አቁሜለታለሁ። ፒንግ ሳደርግ (ሰርቨሩን «አለህ ወይ?» ብዬ ስሞክረው) ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ይመልሳል። የሰርቨሩ ፕሮሰሰር ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። 10 ዕቃ 2 ሰከንድ፣ 25 ዕቃ 5 ሰከንድ፣ 50 ዕቃ 10 ሰከንድ ይወስዳል። ምን ልፈትሽ?

ባለ_መሰላል (ድሬዳዋ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡31

የድሬዳዋን ሙቀት አትናቅ። በግንቦት ስንት ስዊች ቀብሬአለሁ። የገመዱን ጫፎች እንደገና ቀጥቅጣቸው፤ ጸረ ቫይረሱንም ለአንድ ሰዓት አጥፍተህ ሞክር።

ከዚራ_ገመድ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡40

ሁለቱንም አድርጌአለሁ፤ ምንም ለውጥ የለም።

ፈረስ_መጋላ (ሐረር)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡05

ወንድሜ፣ መልሱ የሰጠኸን ቁጥር ውስጥ አለ። 10 ሰከንድን ለ50 አካፍለው። 5ን ለ25፣ 2ን ለ10 አካፍል። ሦስቱም 200 ሚሊሰከንድ ይሰጡሃል። ሙቀት እንዲህ ቀጥ ያለ ቁጥር አይሰጥም፤ የተበላሸ ገመድም አይሰጥም። የተበላሸ ነገር አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይንቀራፈፋል፣ አንዴ ጭራሽ ይጠፋል። ክብ የሆነ ቁጥር ስታይ አንድ ሰው ተቀምጦ በፕሮግራም ውስጥ የጻፈው ሰዓት አለ ማለት ነው። 200 ሚሊሰከንድ ደግሞ በኔትወርክ ሙያ ውስጥ ስሙና አድራሻው የታወቀ ቁጥር ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፕሮግራሙን ስታሻሽል አንዱን መልእክት ለሁለት ከፍለህ መላክ ጀምረሃል?

ከዚራ_ገመድ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡12

መምህር፣ ቤቴ ገብተው ኮዱን አይተውታል እንዴ? አዎ። ድሮ የዕቃውን ጥያቄ በአንድ ጊዜ ነበር የምልከው። አሁን መጀመሪያ የመልእክቱን ርዝመት በ4 ባይት እልካለሁ፣ ከዚያ ዋናውን መልእክት እልካለሁ። ሰርቨሩ ስንት ባይት እንደሚጠብቅ አስቀድሞ እንዲያውቅ ብዬ ነው። ትክክለኛ አሠራር መስሎኝ ነበር።

ፈረስ_መጋላ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡58

አሠራሩ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው የአላላኩ መንገድ ነው። ለብዙ ተማሪዎቼ የምነግረውን ላስረዳህ፤ ትንሽ ይረዝማል።

ቲሲፒ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በኔትወርክ መልእክት የሚለዋወጡበት ደንብ፣ የላከው ነገር መድረሱን ሳያረጋግጥ አይተኛም። ተቀባዩ «እስከዚህኛው ባይት ደርሶኛል» የሚል ማረጋገጫ ይመልሳል፤ ባለሙያዎች አክ ይሉታል። ይህ ማረጋገጫ ብቻውን ሲላክ ውስጡ ምንም ዕቃ የለም። 20 ባይት የአይፒ፣ 20 ባይት የቲሲፒ ራስጌ (አድራሻና መቆጣጠሪያ የሚጻፍበት መለያ) ይዞ 40 ባይት ባዶ ሳጥን ሆኖ ይጓዛል።

አሁን አንተ ድሬዳዋ፣ እኔ ሐረር ነጋዴዎች ነን እንበል። አንተ ፓስታ በካርቶን ትልክልኛለህ፣ እኔ አትክልትና ቡና እልክልሃለሁ። ካርቶን በደረሰኝ ቁጥር «ደርሷል» የምትል ቁራጭ ወረቀት ብቻ አስይዤ ባዶ መኪና ደንገጎን ባስወርድ ሰው ይስቅብኛል። ስለዚህ ትንሽ እጠብቃለሁ። የምጭነው ቡና ከተገኘ ወረቀቷን ከጆንያው ጋር አያይዤ እሰዳታለሁ። ካልተገኘ፣ የወሰንኩት ሰዓት ሲደርስ ባዶውን መኪና እለቀዋለሁ። የሚዘገየው ማረጋገጫ ማለት ይኸው ነው። ስንፍና አይደለም፣ ቁጠባ ነው። ሐሳቡን ዴቪድ ክላርክ በ1982 በአርኤፍሲ 813 አንስቶታል፤ አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደንቦች የሚወጡበት ተከታታይ ሰነድ ነው። በ1989 የወጣው አርኤፍሲ 1122 ደግሞ ወሰን አበጀለት፦ መዘግየቱ ከግማሽ ሰከንድ ማነስ አለበት፤ ሙሉ መጠን ያላቸው ፓኬቶች (መልእክቱ ተከፋፍሎ የሚጓዝባቸው እሽጎች) በተከታታይ ሲመጡ ደግሞ ቢያንስ ለየሁለተኛው አንድ ማረጋገጫ ሊላክ ይገባል። ግማሽ ሰከንዱ የላይኛው ጣሪያ ነው። በቆዩት ዊንዶውሶች ላይ የተለመደው 200 ሚሊሰከንድ ነው። ቁጥርህን አገኘኸው።

ከላኪው ወገን ደግሞ ሌላ ቆጣቢ አለ። ጆን ናግል ፎርድ ኤሮስፔስ በሚሠራበት ጊዜ፣ በ1984 በአርኤፍሲ 896 አንድ ችግር ጻፈ። ሰው ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር ሲሠራ አንዲት ፊደል በተጫነ ቁጥር 1 ባይት ለመላክ 41 ባይት ይጓዛል። የትርፉ ወጪ 4000 በመቶ ነው። መፍትሔው፦ የላክኸው ነገር ማረጋገጫው ገና ካልመጣ ሌላ ትንሽ ፓኬት አትላክ፤ ወይ ማረጋገጫው እስኪመጣ፣ ወይ አንድ ሙሉ ፓኬት እስኪሞላ አጠራቅም። በኢተርኔት ላይ ሙሉ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ 1460 ባይት ነው።

ሁለቱም ለየብቻቸው ጨዋ ናቸው። ሲገናኙ ግን በር ላይ የቆሙ ሁለት ሽማግሌዎች ይሆናሉ። «ይግቡ» ይላሉ አንዱ። «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ይላሉ ሌላኛው። «በፍጹም!» እንጀራው ውስጥ እየቀዘቀዘ ነው።

አንተ ጋ የሚሆነው ይህ ነው። ባንኮኒው 4ቱን ባይት ይልካል። ሰርቨሩ ይቀበላል፤ ነገር ግን ርዝመት ብቻ ይዞ ምንም መመለስ አይችልምና ዋናውን መልእክት ይጠብቃል። የሚመልሰው ስለሌለው ማረጋገጫውን የሚያያይዝበት ጆንያ የለውም፤ 200 ሚሊሰከንዱን መቁጠር ይጀምራል። ባንኮኒው ደግሞ ዋናውን መልእክት ይዞ ቆሟል፤ ትንሽ ነው፣ 4ቱ ባይት አልተረጋገጡለትም፣ የናግል ደንብ አይፈቅድለትም። ሁለቱም ሥራ ፈትተው ይጠባበቃሉ። ሰዓቱ ሲሞላ ባዶው ማረጋገጫ ይወጣል፣ ዋናው መልእክት ይሄዳል፣ መልሱ ወዲያው ይመጣል። ከዚያ ለሚቀጥለው ዕቃ ያው እንደገና፣ 50 ጊዜ።

ዋየርሻርክ (በኔትወርኩ የሚያልፈውን የሚቀርጸው ፕሮግራም) አለህ? ነገ ሱቅ ስትሄድ አንድ ዕቃ ብቻ ቅረጽና አሳየን። በመላምት መድኃኒት አይታዘዝም።

ገንደ_ቆሬ (ድሬዳዋ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡20

መምህር፣ እኔ ገና ተማሪ ነኝ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ተቀባዩ ማረጋገጫውን ካዘገየ ላኪው «ጠፋብኝ» ብሎ ያንኑ ፓኬት እንደገና አይልክም ወይ?

ፈረስ_መጋላ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡37

ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። የግማሽ ሰከንዱ ወሰን የተቀመጠበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ላኪው «ጠፋ» ብሎ ድጋሚ ከመላኩ በፊት የሚጠብቀው ጊዜ በ2011 በወጣው አርኤፍሲ 6298 መሠረት ከ1 ሰከንድ እንዳያንስ ይመከራል። ሊኑክስ ግን ትዕግሥቱ ያጠረ ነው፤ ዝቅተኛውን 200 ሚሊሰከንድ አድርጎታል። ማረጋገጫውን የሚያዘገየውም አብዛኛውን ጊዜ 40 ሚሊሰከንድ ያህል ነው።

ደግሞ በእውነት የጠፋ ነገር ሲኖር ማዘግየት አይገባም። 1ኛው፣ 2ኛውና 4ኛው ፓኬት ደርሰው 3ኛው ከጎደለ ተቀባዩ ሰዓት ሳይቆጥር ወዲያው «እስከ 2ኛው ነው የደረሰኝ» ይላል። ተከታዩ ሲመጣ ይደግመዋል። ላኪው ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ሲሰማው ሰዓት ሳይጠብቅ የጎደለውን ይልካል። ቀዳዳው ሲደፈንም ማረጋገጫው ወዲያው ነው የሚወጣው።

ባለ_መሰላል፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 1፡15

ሌሊቱን አነበብኩት። ሙቀት ነው ያልኩትን ሰርዙልኝ። ግን ለምን ይህን ሁሉ ታስረዝማላችሁ? ሰርቨሩ ላይ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ማስተካከያዎች መዝገብ) ከፍታችሁ ቲሲፒ አክ ፍሪኩዌንሲ የሚባለውን 1 አድርጉት፣ ማሽኑን አስነሱት፣ አለቀ። ማዘግየቱ ይቀራል። የኢንተርኔት ጌም የሚጫወቱ ልጆች ሁሉ ያውቁታል።

ፈረስ_መጋላ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 1፡50

ይሠራል፤ አልዋሽህም። ችግሩ በዚያ የኔትወርክ ካርድ የሚያልፈውን ግንኙነት ሁሉ ይነካል። አንድ ሱቅ ውስጥ አንድ ዘበኛ አላስገባ አለ ተብሎ የመጋላ ሱቅ ሁሉ በር አይነቀልም። ነገ ሰርቨሩ ተቀይሮ ሌላ ሲመጣ ደግሞ ሬጂስትሪውን ማን ያስታውሳል? ያን ጊዜ ይህ ልጅ እንደገና ስዊች ይገዛል።

ባለ_መሰላል፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 1፡58

እሺ፤ ታዲያ ናግልን በባንኮኒው በኩል ማጥፋት። ቲሲፒ ኖዲሌይ አንድ መስመር ኮድ ናት። ናግል የ1984 ነገር ነው፤ ዛሬ ማን ፊደል በፊደል ይልካል?

ፈረስ_መጋላ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 2፡20

ይህኛው የተሻለ ነው፤ የሚነካው ያንኑ አንድ ግንኙነት ብቻ ነውና። ጥያቄና መልስ ለሚለዋወጥ ፕሮግራም ባላጠፋው ነው የሚገርመኝ። ግን እሱን ብቻ አድርገህ ብትተወው ለአንድ ዕቃ ሁለት ፓኬት ትልካለህ፤ አንዷ 4 ባይት ይዛ 40 ባይት ራስጌ ተሸክማ የምትሄድ። ዋናው መድኃኒት ናግልን ከማጥፋት በፊት ነው። 4ቱን ባይትና መልእክቱን አንድ ቋት (ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ውስጥ አስቀምጠህ በአንድ ትእዛዝ ላካቸው። ያኔ ሰርቨሩ ሙሉ ጥያቄ ይደርሰዋል፣ ወዲያው ይመልሳል፣ ማረጋገጫው ከመልሱ ጋር ተሳፍሮ ይመጣል። ድሮ ይፈጥን የነበረው እኮ ለዚህ ነው። ናግልም አልጠፋም ነበር፣ ማዘግየቱም አልጠፋም ነበር።

ለነገሩ ናግል ራሱ ከብዙ ዓመት በኋላ በይፋ ጽፎበታል። እሱ እንደሚለው ሁለቱ ዘዴዎች እርስ በርስ ሳይተዋወቁ በተቀራረበ ጊዜ ገቡ፤ መጥፎው ደግሞ የእሱ ሳይሆን ቋሚው የማዘግያ ሰዓት ነው። አባት ለልጁ ያደላል ብላችሁ እለፉት፤ እኔ ግን ግማሹን እቀበለዋለሁ። መልስ የማይመጣ ከሆነ 200 ሚሊሰከንድ ሙሉ ምን ያስጠብቃል?

ከዚራ_ገመድ፣ ረቡዕ ከቀኑ 6፡45

ቀረጽኩት። ሱቁ ለምሳ ከመዘጋቱ በፊት አንዲት የዘይት ማጣሪያ ብቻ አስመዝግቤ። ዋየርሻርክ ያሳየኝን በአማርኛ ገልብጬዋለሁ፤ በግራ ያለው ሰከንድ ነው።

0.0000፦ ከባንኮኒ ወደ ሰርቨር፣ 4 ባይት
0.1994፦ ከሰርቨር ወደ ባንኮኒ፣ ማረጋገጫ፣ 0 ባይት
0.1995፦ ከባንኮኒ ወደ ሰርቨር፣ 118 ባይት
0.2007፦ ከሰርቨር ወደ ባንኮኒ፣ 86 ባይት ከማረጋገጫ ጋር

በመጀመሪያውና በሁለተኛው መስመር መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሳይ ፀጉሬ ቆመ። ሥራው በሙሉ፣ መዝገብ መፈለጉ ሳይቀር፣ ከ1 ሚሊሰከንድ ትንሽ ቢበልጥ ነው። የቀረው ሁሉ «ይግቡ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ገመድ ስቀይር የነበርኩት በዚህ ባዶ ቦታ ምክንያት ነው።

አንድ ደስ ያለኝ ነገር፣ ሦስተኛው መስመር ማረጋገጫው በደረሰ በአሥር ሺኛ ሰከንድ ነው የወጣው። መልእክቱ ጫማውን አስሮ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ገንደ_ቆሬ፣ ረቡዕ ከምሽቱ 1፡30

እኔም አላስቻለኝም። ከጓደኛዬ ጋር ሁለት ሊኑክስ ላፕቶፕ በገመድ አገናኝተን አንዲት አጭር ፕሮግራም ጻፍን፤ መጀመሪያ 4 ባይት፣ ከዚያ 100 ባይት፣ ከዚያ መልስ መጠበቅ። አብዛኞቹ ዙሮች 40 ሚሊሰከንድ ይወስዳሉ፣ መምህር እንዳሉት። ግን ገና ሲጀምር ወዲያው የመለሰበት ጊዜ አለ። ያ ለምንድን ነው?

ፈረስ_መጋላ፣ ረቡዕ ከምሽቱ 2፡05

በርቺ። ሊኑክስ ግንኙነቱ ገና ሲከፈት ማረጋገጫ አያዘገይም። ላኪው መንገዱን ለመለካት መጀመሪያ በጥቂት ፓኬት ነው የሚጀምረው፤ ማረጋገጫ በመጣለት ቁጥር ይጨምራል። ያን ጊዜ ማዘግየት ማለት ገና መራመድ የጀመረን ሕፃን እግር መያዝ ነው። ግንኙነቱ የጥያቄና መልስ ጨዋታ መሆኑን ሲያይ ግን «የማያይዝበት መልስ አይጠፋም» ብሎ ወደ ማዘግየት ይገባል። ቲሲፒ ኩዊክ አክ የሚባል ወዲያው መልስ የሚያሰኝ ምርጫም አለ፤ አንዴ አብርተሽው ትተሽው የምትሄጂው ግን አይደለም። ሥርዓቱ በራሱ ሊመልሰው ስለሚችል ደጋግሞ ማብራት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በእሱ ይሞኛል።

ሳቢያን_ማታ (ድሬዳዋ)፣ ረቡዕ ከምሽቱ 2፡40

ከርዕስ ልውጣ መሰለኝ፤ ይቅርታ። የሠርግ ቪዲዮ ለደንበኞች በኢንተርኔት እልካለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። ይህ የማዘግየት ነገር ይሆን?

ፈረስ_መጋላ፣ ረቡዕ ከምሽቱ 2፡52

አይደለም። ትልቅ ፋይል ሲላክ ፓኬቶቹ ሙሉ ናቸው፤ ናግል ሙሉውን አይዝም፣ ማረጋገጫውም በየሁለተኛው ስለሚወጣ ሰዓቱ እስኪሞላ አይደርስም። 10 ሚሊዮን ባይት በ1460 ሲከፈል ወደ 6850 ፓኬት ነው፤ የሚመለሰው ማረጋገጫ ግማሹን ያህል ነው። ማዘግየቱ ባይኖር እጥፍ ይሆን ነበር። በዋይፋይ ከሆንክማ ጥቅሙ ይበዛል፤ ላኪውና መላሹ የሚጠቀሙት አንድ አየር ነውና ማረጋገጫ ባነሰ ቁጥር ለቪዲዮህ ቦታ ይተርፋል። ያንተ ችግር የመስመርህ የመላኪያ ፍጥነት ይመስለኛል። ዘግይቶም ቢሆን ሙሽሮቹ አይፋቱም።

ባለ_መሰላል፣ ረቡዕ ከምሽቱ 3፡10

መምህር፣ አሁንም አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። 40 ባይት ዛሬ ምን አላት? ጊጋቢት ገመድ ላይ ነን።

ፈረስ_መጋላ፣ ረቡዕ ከምሽቱ 3፡33

በ15 ሜትር ገመድ ላይ ምንም የላትም፤ እውነትህን ነው። ግን ቲሲፒ ገመዱ 15 ሜትር ይሁን ባሕር የሚሻገር አያውቅም፤ ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው። ደግሞ ባይቱን ብቻ አትቁጠር። እያንዳንዱ ፓኬት ትንሽም ይሁን ትልቅ ማሽኑን ከሥራው ያስነሳዋል። በር በተንኳኳ ቁጥር መነሳት ነው፤ እንግዳው ቀጭን ስለሆነ አትቀመጥም። አርኤፍሲ 1122 ራሱ የሚሰጠው ምሳሌ አለ፦ ፊደል ተጭነህ ከሩቅ ማሽን ተመልሶ ስክሪንህ ላይ በሚታይበት አሠራር፣ ማዘግየቱ ሰርቨሩ የሚልከውን ፓኬት ወደ አንድ ሦስተኛ ሊያወርደው ይችላል። «ደርሶኛል» የሚለው፣ «ቦታ አለኝ» የሚለውና ፊደሉ ራሱ በአንድ መኪና ይመጣሉ።

ከዚራ_ገመድ፣ ሐሙስ ከቀኑ 5፡20

ጨረስኩ። ያሻሻልኩት አራት መስመር ኮድ ነው። ርዝመቱንና መልእክቱን አንድ ቋት ውስጥ አስገብቼ በአንድ ትእዛዝ ላክኋቸው፤ ከዚያ መምህር እንዳሉት ናግልንም ለዚህ ግንኙነት ብቻ አጠፋሁት። ሬጂስትሪውን አልነካሁም።

ያው የትናንቱን 50 ዕቃ ደረሰኝ አስኬድኩት። ከ0.1 ሰከንድ በታች ነው የወሰደው። ገንዘብ ተቀባይዋ ምንም የተሠራ ስላልመሰላት ቁልፉን ሁለተኛ ተጫነችው፤ ሁለት ደረሰኝ ወጣ። ይህንንም ማስተካከል ሊኖርብኝ ነው።

ሐጂን ጠርቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አወረዱ፣ ስክሪኑን አዩ፣ ቆም ብለው «አቦ፣ ድሮም እንዲህ ነበር እኮ» አሉና ወደ ቡናቸው ተመለሱ። ለሦስት ሳምንት ልፋቴ ያገኘሁት ምርቃት ይኸው ነው። እውነታቸውን ስለሆነ አፌን ዘጋሁ።

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሐረር ስመጣ ፈረስ መጋላ ላይ ቡና በእኔ ነው።

ፈረስ_መጋላ፣ ሐሙስ ከቀኑ 5፡41

እሺ፤ ግን በሁለት ዙር ከፍለህ እንዳትጋብዘኝ። ስኒውን አስቀምጠህ ቡናውን ለማምጣት እንድጠብቅህ አልፈልግም።

ባለ_መሰላል፣ ሐሙስ ከቀኑ 5፡50

የገዛኸው ስዊች ባለ ስንት ፖርት ነው? አሁን የማያስፈልግህ ከሆነ እኔ ጋ አንድ የተቃጠለ አለ።

ከዚራ_ገመድ፣ ሐሙስ ከቀኑ 5፡52

ባለ 8 ፖርት ነው፤ ካርቶኑም አለ። ከዚራ ና፣ በዋጋው እንስማማለን።